ኮመዲኖ ላይ የምትቀመጥ ጽድ

ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሬ» ነው የሚለው። በርና መስኮት ሠሪ ነው፤ ሥራ ከጀመረ አንስቶ ሜትር ከኪሱ ተለይቶት አያውቅም። ሰው ቤት ሲጋበዝ እንኳ ከመቀመጡ በፊት የበሩን መቃን በዓይኑ ይለካል። በዚህ ጠባዩ የተነሳ የገና ዛፍ መግዣ ጊዜ በደረሰ ቁጥር ከባለቤቱ ጋር ሳይጨቃጨቁ ቀርተው አያውቁም።

«ኮርኒሳችን ሁለት ሜትር ከስልሳ ነው» ይላል። «ከላይ ለኮከቡ አንድ ስንዝር፣ ከታች ለማቆሚያው አንድ ስንዝር ስትቀንሺ...»

«ዛፍ እኮ ነው የምንገዛው፣ ቁም ሣጥን መሰለህ እንዴ?» ብላ ትልቁን ታሸክመዋለች። ቤት ሲደርሱ ጫፉ ኮርኒስ ይነካና ይጎብጣል። እሱ እያጉረመረመ ከሥሩ በመጋዝ ሲቆርጥ፣ እሷ ሶፋው ላይ ሆና በሳቅ ትፈርሳለች።

ዘንድሮ ዛፉን ሊመርጥ ብቻውን ወጣ። ባለቤቱ ከታመመች ሰባተኛ ወሯ ነው፤ አልጋ ከያዘች ደግሞ ሦስተኛ ሳምንቷ። ባለፈው ሰኞ ሐኪሙ እሱን ለብቻው ኮሪደር ላይ ጠርቶ ቁርጡን ነግሮታል። ቢበዛ አንድ ወር፤ እሱንም ላትሞላው ትችላለች። ይህን ለማንም አልተነፈሰም፤ እሷን ልታስታምም ትምህርቷን አቋርጣ ለመጣችው ልጃቸው እንኳ። እቤት ሲገባ «መድኃኒቱን ሊቀይሩልሽ ነው አሉ» ብሎ ዋሸ።

ዛፍ ሻጯ ጽዶቹን በቁመታቸው አሰልፋ ከአጥሩ ጋር አስደግፋቸው ነበር።

«የሳሎንዎ ኮርኒስ ስንት ነው፣ ጋሼ?» አለችው።

«ለሳሎን አይደለም፤ ለመኝታ ቤት ነው። ባለቤቴን አሟት ተኝታለች። ከትራሷ ቀና ሳትል እንድታየው ብዬ ነው።»

ሴትየዋ ትንንሾቹ ወዳሉበት መራችው። እሱም ጠዋት ባለቤቱ እንቅልፍ ላይ ሳለች ኮመዲኖውን ለክቶ ነበርና፣ ስልሳ ሳንቲሜትር የምትሆን፣ በማሰሮ የተተከለች ጽድ መረጠ። ቅርንጫፏ የመድኃኒት ጠርሙሶቹንና የውኃ ብርጭቆውን አይነካም። በመንገድ ላይ ደረቱ ላይ አቅፏት ሲሄድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክክ ያለች ዛፍ ገዛሁ ብሎ ደስ እንኳ አለው።

ባለቤቱ ስትነቃ ዛፏ አጠገቧ ነበረች። ጣቷን ዘርግታ ቅጠሏን ነካች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የገና ዛፋችን ናታ። እዚሁ ሆነሽ ታያታለሽ፤ መነሳት አያስፈልግሽም።»

ቃሉ ካፉ እንደወጣ መልሶ ቢውጠው በወደደ።

«መነሳት አያስፈልግሽም» አለች ቀስ ብላ። ቀጥላም፣ «ሐኪሙ ምንድን ነው ያለህ?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ መድኃኒቱን...»

«አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ስምንት ዓመት አብሬህ ኖሬአለሁ። ሳትለካ የምትገዛው ነገር የለም። እስቲ ንገረኝ፣ ይቺን የገዛኸው ምኔን ለክተህ ነው?»

እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየና እጁን ዘረጋ፤ ግን ሳይነካት መለሰው። ዛፏን ከኮመዲኖው አንስቶ ወጣ።

ልጁ ወጥ ቤት በር ላይ ያዘችው። «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ነይ ተከተይኝ፤ የሚያግዘኝ ሰው እፈልጋለሁ» ብቻ አላት። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገራት። አላለቀሰችም፤ ክንዱን ጨምድዳ ይዛ ነበር የሄደችው።

ሻጯ ትንሿን መልሳ ተቀብላ፣ አሁን የመረጠውን ትልቅ ጽድ ስታይ ራሷን ነቀነቀች። «ጋሼ፣ ይኼ የሰው ቤት ኮርኒስ አይበቃውም።»

«አይብቃው።»

አባትና ልጅ እያለከለኩ ጎትተው አስገቡት፤ የበሩን ቀለም ላጠው፣ ሳሎኑ ቅጠል በቅጠል ሆነ። ከዚያ መኝታ ቤት ገብቶ ባለቤቱን በብርድ ልብሷ ጠቅልሎ አነሳት። በር ሲሸከም የኖረ ትከሻው ክብደቷ ምንም አልተሰማውም፤ ሆዱን ያባባው ይኼ መቅለሏ ነው። ሶፋው ላይ አስቀምጦ ከጎኗ ተቀመጠ።

«ጎበጠ» አለች ቀና ብላ።

«ልቁረጠው?»

«ተወው።» ወደ እሱ ዞራ፣ «በል አሁን ንገረኝ።»

ነገራት። እሷም እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።» አየችው፤ ዓይኗ ላይ ቁጣ ነበር። «አምስት ቀን ሙሉ ስለ መድኃኒት ታወራልኛለህ? እኔ እኮ የምነግርህ ነገር አለኝ። አምስት ቀኔን ነው የወሰድክብኝ።»

«ላስጨንቅሽ አልፈለግሁም።»

«እኔ ልጨነቅ፤ የራሴ ነው።» ግን እጁን ያዘችው፤ እስኪመሽም አልለቀቀችውም።

በቀጣዮቹ ቀናት አቅሟ በፈቀደ መጠን ተናገረች። የሱፍ ካፖርቷ ለእህቷ እንዲሰጥ፣ ልጃቸው ትምህርቷን እንዳትተው፣ እሱም ቶሎ ቶሎ ፀጉሩን እንዲቆረጥ፤ «ሲያድግ ጃርት ነው የምትመስለው» አለችው፣ ሳቁ። ሐሙስ ማታ «ሌላም አንድ ነገር ነበረኝ» ብላ ጀመረችና ሕመሙ ሲበረታባት «ነገ እነግርሃለሁ» አለች።

ዓርብ አንደበቷ ተያዘ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን አፏ አጠገብ ጆሮውን ደቅኖ ዋለ። ከንፈሯ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። እሑድ ከሰዓት በኋላ አረፈች፤ ለገና ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ለቅሶ ደራሹ ሲበዛ ወንበር መዘርጊያ ጠፋና አንድ ጎረቤት ዛፉን ወደ ደጅ ሊያወጣው ያዘው። ሜትሬ አልፈቀደም። ሰዉ ጉልበቱን እየሰበሰበ፣ ቅጠል ትከሻው ላይ እየረገፈበት ተቀመጠ።

ሰዉ ከሄደ በኋላ፣ ልጁ ብርጭቆ ስታጥብ እሱ እያደራረቀ ሳለ ድንገት እጁ ቆመ።

«ምን ይሆን ልትነግረኝ የነበረው?»

«ምናልባት ተራ ነገር ይሆናል፣ አባዬ።»

«ተራውም ቢሆን» አለ። «ተራውንም ቢሆን በሰማሁት።»