የሚታረም የለም

መምህርት ፀዳለ በዜና ቀልድ አታውቅም። መርሳ ላይ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪ እሷ ናት። ልጆቹ በሰልፍ ላይ በሞንታርቦ የሚያነቡት ዜና በእጇ ሳያልፍ አይነበብም። «ብዙ ሰው ተገኝቷል» ተብሎ ከተጻፈ «ማን ቆጠረው?» ትላለች። «ደማቅ በዓል» ከተባለም «ደማቅ ያልነው እኛው ነን፤ ሰርዘው» ትላለች። ከሁሉ በላይ ያስከበረችው ደንብ ግን አንድ ነበር፤ ዜና የሚዘጋው በእርማት ነው። ባለፈው ዜና የተሳሳተ ነገር ካለ እዚያው ይታረማል። ከሌለ ደግሞ «ካለፈው ዜናችን የሚታረም የለም» ተብሎ ያልቃል። ልጆቹ መዝጊያዋን ወደዷት። አንባቢው «ካለፈው ዜናችን» ሲል ሰልፉ በሙሉ ተቀብሎ «የሚታረም የለም!» እያለ ይጮሃል። ርእሰ መምህሩ ጀብሪል ሳይቀር አንዳንዴ ከቢሮው በመስኮት ብቅ ብሎ አብሮ ይጮህ ነበር።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ ልጆቹ ከንባብ ክፍሉ አንዳንድ መጽሐፍ ይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ ከቤተሰብ ጋር ያነባሉ። ዓመቱ ሲያልቅ በወላጆች ቀን ፈቃደኛ የሆነ ቤተሰብ ወጥቶ በሰው ፊት ያነባል፤ ጥሩ ያነበበው ይሸለማል፤ ውጤቱም በዓመቱ መዝጊያ ዜና ይነገራል። ይህንንም ደንብ ያወጣችው ፀዳለ ናት። ልጅም ወላጅም ያነባል፤ በቃል መውጣት አይፈቀድም።

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት የወላጆች ቀን፣ ጦርነቱ ገና ከወደ ሰሜን በወሬ ብቻ በሚሰማበት ሰኔ፣ መካኒኩ ፈንታው ከአራተኛ ክፍል ልጁ ከፅዮን ጋር ወጣ። ፅዮን የሚኒ ሚዲያው ዋና አንባቢ ነበረች። ድምፅዋ ሞንታርቦ ባይኖርም አጥር ተሻግሮ ይሰማል። አባቷ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን በኦሞ ፈትጎ ነበር የመጣው። ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁረት ግን አልለቀቀም። ፊደል የቆጠረው ካገባ በኋላ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ሰዉ ገና ሳይጀምር አጨበጨበለት።

መጽሐፉ እንቁላሎቿን ለመሸጥ ገበያ ስለወረደች ዶሮ ነው። ፅዮን መግቢያውን አነበበችና ለአባቷ ሰጠችው። ፈንታው ጣቱን ከመስመሩ ሥር አስቀምጦ፣ አንዳንዱን ቃል ሁለቴ እየሞከረ፣ ቀስ እያለ ጀመረ። ዶሮዋ ገበያው ስትደርስ ግን ድምፁ ተለቀቀ። እንደ ዶሮዋ እየተቆጣ፣ እንደ ነጋዴው እየተከራከረ ሲያወርደው ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ፀዳለ ብቻ አልሳቀችም። ፈንታው ገጽ ሲገልጥ ሁለት ገጽ ተጣብቆበት አብሮ ሲያልፍ አየች። ታሪኩ ግን አልዘለለም። ያልተገለጠው ገጽ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቃል ሳይሳሳት ተናገረው።

ሲጨርስ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀችና ከጠረጴዛው ሌላ መጽሐፍ አነሳች።

«ጋሽ ፈንታው፣ በጣም ጥሩ ነው። እስቲ ከዚህኛው ደግሞ አንድ ገጽ ብቻ ያንብቡልን።»

ፈንታው መጽሐፉን ተቀበለ፣ ገለጠው። ጣቱን አስቀመጠ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ከዚያ ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ፋንዬ፣ ሞተሩ አልነሳ አለ እንዴ? እንግፋው?» ብሎ ጮኸ። ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ፈንታውም አብሮ ሳቀ። የመጽሐፉን ሽፋን በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ በሁለት እጁ መለሰላትና ወደ ቦታው ሄደ።

ፀዳለ ደንቡ ሲከበር እንጂ ሰው ሲዋረድ አልታያትም። ለዜናው በተተወው ባዶ ቦታ ውጤቱን ሞልታ ወረቀቱን ለአንባቢዋ ሰጠች። አንባቢዋ ማን እንደሆነች አላሰበችም። ፅዮን ማይኩ ፊት ቆማ፣ «የአቶ ፈንታው ቤተሰብ በቃል በመውጣቱ ከውድድሩ ተሰርዟል» ብላ አነበበች። ቀጥላም «ካለፈው ዜናችን» አለች፤ ልጆቹ ተቀብለው «የሚታረም የለም!» አሉ። ፀዳለ ያን ቀን ልብ ያለችው ልጅቷ አንድም ቃል አለመሳቷን ነበር። በዚያም ደስ ብሏት ነበር።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ራሱ መጣ። ከተማው ግማሹ ወደ ደሴ ተሰደደ፣ ግማሹ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ታኅሣሥ ላይ ሰዉ ሲመለስ ትምህርት ቤቱ የታጣቂ ሰፈር ሆኖ ከርሞ አገኘው። ሞንታርቦው የለም። ዴስኮቹ ማገዶ ሆነዋል። የንባብ ክፍሉ ወለል ላይ በሦስት ድንጋይ መካከል አመድ ነበር፤ አመዱ ውስጥ የመጻሕፍት ሽፋን ጥጎች ይታያሉ። ፀዳለ ጎንበስ ብላ አንዱን ስታነሳ ጣቷ ላይ ፈረሰ።

ፅዮን አምስተኛ ክፍል ገባች። ትጽፋለች፣ ትቆጥራለች፤ ስትጠየቅ ግን ድምፅ አውጥታ አታነብም። «ጉሮሮዬን አሞኛል» ትላለች፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ጉሮሮዋን ያማታል። ፀዳለ ልጅቷ በስደቱ መንገድ ላይ ያየችው ነገር ይሆናል ብላ ተወቻት። ብዙ ልጆች ብዙ ነገር አይተው ነበር የተመለሱት። ይህ ሐሳብ እሷን ራሷን አሳርፏት ነበር።

ያሳረፋትን የነጠቀቻት የልጅቷ እናት ትርንጎ ናት። ግንቦት ላይ ስለ ልጇ ልትጠይቅ መጥታ፣ ከፈረሰው በር አጠገብ ቆመው ሲያወሩ፣ ፀዳለ «ስደቱ ነው መቼም ያስደነገጣት» አለች።

ትርንጎ ነጠላዋን አስተካከለች። «ስደቱማ አፏን አልዘጋውም፤ መንገድ ላይ ስታወራ ነው የሄደችው። ውርጌሳ ስንደርስ ታፔላውን አይታ ‹አባዬ፣ ይቺን አንብባት› አለችው። እንደ ድሮው መስሏታላ። ‹አንቺ ታውቂዋለሽ› ብሏት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ነው።»

«እንደ ድሮው?»

«ያነብ ነበር እኮ! ያቺን የዶሮዋን መጽሐፍ ማታ ማታ ሲታገላት ነው የከረመው። ዶሮዋ ገበያ እስክትደርስ ያለውን ራሱ ነው ያነበበው፤ ማንም አላገዘውም። ከዚያ ቀኑ ደረሰበት። ልጄን አላሳፍርም አለና የቀረውን ፅዮን እያነበበችለት በቃሉ ያዘው።» ልትሄድ ዞር እያለች ጨመረች። «አንቱ ምን ያርጉ። ደንብ ነው።»

ፀዳለ ያን ቀን ማስተማር አቃታት። መጽሐፉ በዚያ ሰኔ ሲመለስ እንዴት እንደነበረ አስታወሰች። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር የጣት ቅባት ነበረበት፤ ከገበያው ወዲያ ያሉት ገጾች ንጹሕ ነበሩ። አይታዋለች። አይታ «ቆሽሿል» ብላ ነበር ያስቀመጠችው። ቀስ ያለውን ንባብም፣ ሁለቴ የተሞከረውን ቃልም ሰምታ ነበር። ሁለት ገጽ አብሮ ሲገለጥ ካየች በኋላ ግን ሌላውን ማየት ትታለች። መጽሐፉ አሁን ለማንም የሚታይ አይደለም፤ አመድ ነው።

እሷ ስሕተት የምትጠግንበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር። የዚህን ዓመት መዝጊያ ዜና አስቀድማ ጻፈች፤ መጨረሻው ላይ እርማቱን አስገባች። ከዚያ ዋናው መንገድ ዳር ወዳለው ጋራዥ ሄደች።

ፈንታው ከአንድ ባጃጅ ሥር እግሩ ብቻ ይታያል። ጋራዡ ባዶ ነው፤ የመፍቻ ቁልፎቹ ከጦርነቱ ወዲህ የውሰት ናቸው።

«ማነው?»

«ፀዳለ ነኝ፤ ከትምህርት ቤት።»

እየተንፏቀቀ ወጣና በጨርቅ እጁን ጠረገ። «ቲቸር! ባጃጅ ገዙ እንዴ?»

«በየትኛው ደሞዝ፣ ጋሽ ፈንታው?»

«እንግዲያው የተበላሸው ጫማዎ ነው። እሱን እንኳ አልችልበትም፤ ከሊስትሮዎቹ ጋር ያጣላኛል።» ሳጥን ገልብጦ አስቀመጣት። «ልጅቷ አጠፋች?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ገጾቹ፣ ትርንጎ ስላለቻት ነገረችው። ፈንታው ባጃጇን እያየ ሰማት። ስትጨርስ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች።

«በወላጆች ቀን እርማት እናነባለን። በሰው ፊት ነው የተባለው፤ በሰው ፊት ይታረማል።»

«ምን ይላል?»

አነበበችለት። «ባለፈው ዓመት በቃል ወጥተዋል ያልናቸው አቶ ፈንታው የመጽሐፉን የመጀመሪያ ክፍል ራሳቸው ማንበባቸውን ስላረጋገጥን፣ ዜናችን ስሕተት እንደነበረ እንገልጻለን።»

«የመጀመሪያውን ክፍል።»

«አዎ።»

«የቀረውንስ?»

ፀዳለ ወረቀቱን ዳግም አየችው። ያልሆነ ነገር መጻፍ አትችልም፤ እሱም ይህን ያውቃል።

«አዩ፣ ቲቸር» አለ ፈንታው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያኔ አንድ ወር ሙሉ ‹ሞተሩ ተነሳ ወይ?› እያሉ ሲያልፉ ሲያገድሙ ሲቀልዱብኝ ነበር። ከዚያ ጦርነት መጣ። ሰዉ የባሰ አየና የእኔን ረሳው። ከዚህ ሁሉ መከራ ለእኔ የተረፈችኝ ያቺ መረሳት ብቻ ናት። እንግዲህ አንቱ በሞንታርቦ ሊያስታውሱልኝ ነው?»

«ሞንታርቦው ተወስዷል» አለች። ከአፏ ካወጣችው በኋላ ምን እንዳለች ገባት።

ፈንታው ግን ከልቡ ሳቀ። «እሱንስ ደግ አደረጉ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ይተዉት።»

«ዓርብ ዓርብ መጽሐፍ ይዤ ልምጣ? እዚሁ፣ ማንም ሳያይ…»

ፈንታው ጎንበስ ብሎ ቁልፍ አነሳ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። «ያኔ ቢሆን» አለ። «ያኔ ጠዋት ስነሳ ታፔላ ሁሉ ይጠራኝ ነበር፤ የጠላ ቤቱም፣ የጎማ ቤቱም። አሁን ዝም ብሎኛል። ልጅቷን ያስነብቧት፤ እኔን ይተዉኝ።» ተመልሶ ባጃጇ ሥር ገባ። ፀዳለ ከሳጥኑ ተነሥታ ወረቀቱን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ከሥር የብረት ድምፅ ብቻ ይሰማል።

በማግስቱ ጠዋት ፅዮን ሳትጠራ ቢሮ መጣች።

«አባዬ ዜናውን አንብቢ ብሎኛል።»

«አንቺስ?»

«አነባለሁ።» ልጅቷ ጠረጴዛውን ታያለች። «እርማት እንዳታነቢ ብሎኛል። የሚታረም የለም በይ ብሎኛል።»

ፀዳለ መዝጊያውን ከነጭራሹ ማውጣት አሰበች። ለጀብሪል ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ልጆቹ ይጠብቋታል እኮ። ባዶ ግቢ ውስጥ ሌላ ምን ቀረላቸው? ብትዘልያት ሁሉም ለምን ብሎ ይጠይቃል።» እውነቱን ነው። ያን ቀን ፀዳለ እርማቱን ሰርዛ በምትኩ፣ ውሸት መሆኑን እያወቀች የጻፈችውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ጻፈች።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ጀብሪል ከገበሬዎች ማኅበር ሜጋፎን ተውሶ መጣ። የቤተሰብ ንባቡ አጭር ነበር። መጻሕፍቱ ጥቂት የእርዳታ ናቸው፤ የወጡትም ቤተሰቦች ጥቂት ናቸው። ፈንታው ከአጥሩ ውጭ፣ ከአንድ ሚኒባስ ጥላ ሥር፣ በሥራ ልብሱ ቆሟል። ግባ ሲሉት እጁን እያሳየ «ቅባት ነኝ» ይላል።

ፅዮን ሜጋፎኑን ተቀበለች፤ ከበዳት መሰለኝ ብላ ፀዳለ ልትይዝላት ጠጋ አለች። ልጅቷ ግን በራሷ አነሳችው። የተጠገኑትን ክፍሎች አነበበች፣ ወደ ትምህርት ያልተመለሱትን ልጆች አነበበች፣ የተሸለመውን ቤተሰብ አነበበች። ድምፅዋ ያው ነበር፤ አጥሩን ተሻግሮ መንገዱ ላይ ይሰማል። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ከወረቀቱ ቀና ብላ መምህሯን አየቻት።

«ካለፈው ዜናችን…» አለች።

«የሚታረም የለም!» ብሎ ግቢው ጮኸ፤ ልጁም፣ ወላጁም፣ ጀብሪልም።

ፀዳለ ብቻ አልጮኸችም።

ሰዉ ሲበተን ፈንታው አጥሩ ጋ ጠጋ ብሎ ጠራት። ፅዮን አጠገቡ ሆና ሚኒባሱ ላይ የተጻፈውን በጣቷ እየተከተለች ነበር፤ እሱ ግን ወደዚያ አላየም።

«አነበበች አይደል፣ ቲቸር?»

«አነበበች።»

«ሳትሳሳት?»

«ሳትሳሳት። ልክ እንደጻፍኩት።»

«ተመስገን» አለ ፈንታው። ልጁን ትከሻዋን በክንዱ ነካ አደረጋት፤ ዩኒፎርሟን እንዳያቆሽሽባት እጁን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ይዞ። ከዚያ አባትና ልጅ በጠላ ቤቱና በጎማ ቤቱ ታፔላዎች ሥር ወደ ጋራዡ ሄዱ። ፈንታው ወደ ታፔላዎቹ ቀና ይል እንደሆነ ፀዳለ እስኪርቁ ድረስ ተከትላ አየችው። ቀና አላለም።