የማይጠጡ ሰዎች ጽዋ

መንግሥት አረቄ የጣለውን ሰው አልጋ ላይ አስተኝቶ ያክማል ሲባል ደብረ ብርሃን ውስጥ መጀመሪያ ያመነ ሰው አልነበረም። አረቄ የያዘው ሰው ወይ ጠበል ይወሰዳል፣ ወይ ይታሰራል፣ ወይ ይቀበራል እንጂ ክኒን ተሰጥቶት ‹‹እንቅልፍ እንዴት ነበር?›› ሲባል ማን አይቶ ያውቃል? ሆስፒታሉ አንድ ክፍል ቀለም ቀብቶ አምስት አልጋ ከዘረጋ በኋላ ግን ወረፋው ጣርማ በር ሊደርስ ምንም አልቀረው። የእህቴ ባል ፍሥሐም ገባ። እኔ አስታማሚ ሆንኩ።

ፍሥሐ ድንጋይ ጠራቢ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መሮው ከድንጋዩ ይልቅ ጣቱን ይጠርብ ነበር። እህቴ አልታየች ሆስፒታል በር ላይ ስትሸኘው ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታክሞ ከወጣ በኋላ መልሶ ከቀመሰ ልጆቹን ይዛ እነዋሪ አባታችን ቤት ትገባለች። አልታየች ደግሞ ለማስፈራራት ብላ የምትናገር ሴት አይደለችም።

ክፍሉን የያዘው ነርስ ኤርሚያስ ይባላል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ብርድ የማይችል። እኔ ጥግ ይዤ የሚለውን ሁሉ አዳምጥ ነበር፤ ያስታማሚ ሥራው ይኸው ነውና። ታካሚዎቹ ሊወጡ ሲሉ ሰበሰባቸውና ከዚህ በኋላ በወር አንድ ቀን በየተራ አንዳችሁ ቤት እየተሰበሰባችሁ ተመካከሩ፣ ተበረታቱ አላቸው። ‹‹የራስ አገዝ ቡድን›› ብሎ ጠራው።

አምስቱ ሰዎች ተያዩ። በወር አንዴ፣ በየተራ፣ በየቤቱ። ይህንንማ ሆስፒታል ሳይሠራ፣ መንግሥትም ሳይኖር እናውቀዋለን። ማኅበር ነው። ወዲያው እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ከመካከላቸው ጋሽ ኃይለ ገብርኤልን ሙሴ፣ የማኅበሩ አለቃ፣ አድርገው መረጡት። ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ፣ የማኅበር ሥርዓት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ድሮ የነበረበት ማኅበር ያባረረው ማኅበርተኛው ሳይሰበሰብ ጽዋውን ጓዳ ገብቶ ስላጋመሰው ነው።

በማን ስም ይሁን ሲባል ትንሽ ተጨቃጨቁ። የሚካኤልና የማርያም ማኅበር ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ አባሯቸዋል። በመጨረሻ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል በአቦ ይሁን አለ። ጻድቁ እድሜያቸውን ሙሉ እህል ያልበሉ፣ ውኃ እንኳ ያልጠጡ ናቸው፤ ለእኛ ከእሳቸው የሚቀርብ ማን አለ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ተስማሙ። ኤርሚያስም ደስ አለው። እኔም በልቤ አሜን አልኩ።

የመጀመሪያው ዕጣ ለፍሥሐ ወጣ። አልታየች ያን ሰሞን ጠራችኝና ማኅበርተኛው ምን ይጠጣል ስትል ጠየቀችኝ። እውነቱን ለመናገር አላሰብኩበትም ነበር። ሻይ አልኳት። ጾም እንደሻረ ሰው አየችኝ።

‹‹የአቦን ማኅበርተኛ በሻይ ልሸኝ፣ ወንድም ጋሼ? ጽዋው ላይ ምን ሊደገም ነው፣ ቅጠል?››

ጠላ ልትጠምቅ መሆኑ ገባኝና ጠላ መጠጥ አይደለምን ብዬ ሞከርኳት። ጠላ እህል ነው፣ እሱን የገደለው አረቄ ነው አለችኝ። እኔም እውነትሽን ነው አልኳት፤ ምክንያቱም እኛ አገር ይህን የማያምን ሰው አላውቅም። ኤርሚያስ ‹‹አልኮል›› እያለ ሲያስተምር ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ አረቄና ቢራ ነበር በዓይናችን የሚመጣው። አልታየች ከእነዋሪ ገብስ አስመጣች፤ ጌሾ ወቀጠች፤ ጠነሰሰች።

የአቦ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ። ኤርሚያስ ሙዝ ይዞ መጣ። የፍሥሐ ንስሐ አባት አባ ቴዎፍሎስ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ላይ ጸሎት አደረሱ። ጽዋ ይባል እንጂ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል መርጦ የገዛው ነውና ትልቅ ማሰሮ ነበር። ኤርሚያስ ጠበል መስሎት አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ጨርቁ ሲነሳ አረፋው ብቅ አለ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ጠላም አልኮል መሆኑ አምስቱም የገባቸው ያኔ ነው። 

በሥርዓቱ ደጋሹ ቀድቶ መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል፤ ከዚያ ነው ለእንግዳ የሚዞረው። ፍሥሐ ተነስቶ ቀዳ። ሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ጸጥ ያለችው እጁ ተንቀጠቀጠች። አልታየች ከጓዳ በር ላይ ሆና እጁን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

‹‹ይደፋ›› አለች።

አባ ቴዎፍሎስ ጸሎት የደረሰበት መሬት አይነካም አሉ። ለጎረቤት ይሰጥ ብዬ እኔ ሐሳብ አቀረብኩ። ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ራሱን ነቀነቀ፤ ለጸሎቱ ያልተቀመጠ ከጽዋው አይጠጣም፣ ሕግ ነው አለ። ከተባረረ ወዲህ ሕግ ላይ ቀልድ አያውቅም። ፍሥሐ ዋንጫውን እንደያዘ ቆሟል። ወደ አፉ ቢወስደው እህቴን ያጣል፤ ቢያስቀምጠው አቦን ያስቀይማል።

ኤርሚያስ ሙዙን ወደ ጎን አደረገ።

‹‹እኔ ለጸሎቱ ተቀምጫለሁ፣ አይደል?››

‹‹ቆመህ ነበር›› አለ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል፤ ትንሽ አሰበና፣ ‹‹ግን ይቆጠራል።››

‹‹እንግዲያው አምጣው፣ ፍሥሐ። ለአንተ እኔ ልቅመስልህ።››

አልታየች በጸሎቱ ጊዜ ጓዳ ስለነበረች መጠጣት የሚፈቀድልን ሦስት ነበርን። አባ ቴዎፍሎስ ማታ አገልግሎት አለብኝ ብለው አንዲት ዋንጫ ባርከው ጠጡ። እኔ ሠርጌ ላይ የጠጣሁትን የሚያህል ጠጣሁና ግድግዳው ሲጠጋኝ አቆምኩ። የቀረው የኤርሚያስ ዕዳ ሆነ። መጀመሪያ ላይ እንደ መንግሥት ሥራ በዕቅድ ጠጣ፤ በኋላ ዕቅዱ ጠፋ። አምስቱ ሰዎች ከበውት እንደ ሐኪም ይመክሩት ጀመር። ዳቦ አስከትል ይለዋል አንዱ። በአንድ ትንፋሽ አትጨልጥ፣ ጎንህን ደገፍ አድርግ ይለዋል ሌላው። በሕይወታቸው ሙሉ የተማሩትን አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። ከእነሱ አንድም ሰው ከንፈሩን አላረጠበም። ጽዋው ባዶ ሲሆን ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ደፍቶ አየና አቦ ይቀበልህ አለው። ኤርሚያስ አሜን ሊል አፉን ከፍቶ እንደተከፈተ ተኛ።

አልታየች ጓዳ የቀረውን ጋን ጓሮ ወስዳ ገለበጠችው። ያኛው ጸሎት አልደረሰበትም። ከዚያ ፍሥሐ ነርሱን አዝሎ ወደ ተከራየው ቤት ሊወስደው ተነሳ፤ እሷና እኔም ተከተልን። መንገዱ በእትዬ ደመቀች አረቄ ቤት በር ነው የሚያልፈው። ደመቀች በር ላይ ቆማ ነበር።

‹‹ፍሥሐ፣ ምን ሆኖ ነው ልጁ? አስገባው እንጂ። አንዲት መለኪያ ታነቃዋለች። አንተንም ታሞቅሃለች፣ የጠፋህ ሰው።››

‹‹የመንግሥት ንብረት ነው እትዬ፤ አይነካም።››

እንዲህ አለ እንጂ እግሩ ቆመ። ከውስጥ የአረቄው ሽታ እስከ እኔ ድረስ ይመጣል። ኤርሚያስ ጀርባው ላይ ነቃና ዓይኑን ሳይገልጥ ሥራውን ጀመረ፤ ሆስፒታል ጠዋት ጠዋት የሚጠይቃቸውን ጠየቀ።

‹‹ፍሥሐ፣ ዛሬ አምሮትህ ከአስር ስንት ነው?››

ፍሥሐ ቶሎ አልመለሰም። ሲዋሽ ቶሎ የሚመልስ ሰው ነው።

‹‹ዘጠኝ ነው።››

‹‹ጎበዝ›› አለው ኤርሚያስ፤ ጋቢው ላይም አስመለሰበት።

አልታየች ከኋላ መጥታ በደመቀች በር በኩል ባለው ጎኑ ሆነች። የነርሱን አንድ እግር ብብቷ ውስጥ ይዛ ሸክሙን አቀለለችለት።

‹‹ዘጠኝ ከሆነ እንሂዳ›› አለችው።

ሄዱ። እኔም የነርሱን የወለቀ ጫማ አንስቼ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዝኩ ተከተልኳቸው።