ብስኩት የሚሰማው

ፈረሱ ብስኩት አሁንም አንገቱን ቀና አድርጎ ቆም ሊል ዳዳው። ሚካኤላ በእግሮቿ ጎኑን ጫን ብላ ወደ ሶምሶማው መለሰችው፤ ዳኛዋ ግን ከትንሿ ጎጆዋ ሆና አይታለች። ከአጥሩ ውጭ የቆመችው ሚስ ዶሪስ የሚቀጥለውን እንቅስቃሴ ጮክ ብላ አነበበችላት፤ ፈረሱም ልክ እንደ ቅድሙ አንገቱን ገተረ። ዙሩ ሲያልቅ ውጤቱ ተለጠፈ፤ ሃምሳ ሰባት ከመቶ። ካለፈው ውድድር በምንም አይሻልም።

ስፖርቱ ድሬሳዥ ይባላል። ፈረስና ጋላቢ በታጠረ አሸዋ ላይ፣ በየዳሩ በተተከሉ ፊደላት እየተመሩ ይራመዳሉ፣ ይሶመሶማሉ፣ ይጋልባሉ፤ ዳኛዋ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ከአሥር ታርማለች። የሚካኤላ እናት ወይዘሮ ሐረገወይን ስሙን «ድሬሲንግ» ብለው ሰምተውት፣ ልጃቸው የልብስ ውድድር እንደገባች ማሪዬታ ከተማ ለሚኖረው ዘመድ ሁሉ ሲያወሩ ከርመዋል። ዛሬ ከሚኖሩበት ከሊልበርን አብረዋት መጥተው በዓይናቸው አዩ። ነጩ ሱሪ በጣም እንደጠበበባትም አልደበቋትም።

ፈረሱ የሚስ ዶሪስ ነው፤ ሚካኤላ በሊዝ ይዛዋለች፣ ሊዙም ሊያልቅ ነው። ሚስ ዶሪስ ክፉ ሴት አይደለችም። ብስኩት ዕድሜው ሳይገፋ ከፍ ያለ ደረጃ እንዲደርስላት ትፈልጋለች፣ ሌላ ጋላቢም ጠይቃታለች። ዛሬ በቀረው የከሰዓት ዙር ስልሳ ካልገባ ለዚያችኛዋ ልትሰጠው ነው። ሚካኤላ ደግሞ ለምዳዋለች። ሎረንስቪል ከምትሠራበት ክሊኒክ ስትወጣ መኪናዋ በራሱ የሚሄድ ይመስል የምትነዳው ወደ እሱ በረት ነው።

እሱን ከማጣት ሐዘን ይልቅ ግን ነገሩ ራሱ ያብከነክናታል። ብቻቸውን ሲለማመዱ ብስኩት ቅቤ ነው። ውድድር ላይ፣ ያውም ፊደሉ ጋ ከመድረሳቸው በፊት፣ እንጨት ይሆናል። ነጩን አጥር ጠረጠረች፣ የዳኛዋን ጎጆ ጠረጠረች፣ በመጨረሻም የራሷን ፍርሃት። አንዱም ልክ አልመጣላትም።

እስከ ከሰዓቱ ዙር ድረስ ዛፍ ጥላ ሥር አረፉ። እሷ ብስኩትን ይዛ ቆመች፤ ሚስ ዶሪስ ለወይዘሮ ሐረገወይን የዳኝነቱን አሠራር ታስረዳቸው ጀመር። እሳቸውም በጨዋ ደንብ፣ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ፣ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረጉ አዎ ይላሉ። ብስኩት አንገቱን ቀና አደረገ። ሚካኤላ ዝንብ መስሏት እሽ አለችለት። እናቷ እንደገና ሳብ አደረጉ፤ እንደገና ቀና አለ፣ ጆሮዎቹን አቁሞ፣ ሣሩን አፉ ውስጥ እንደያዘ።

«ማሚ፣ እስቲ እንደገና አዎ በያት።»

«ምን ብላኝ ነው አዎ የምላት?»

«ዝም ብለሽ፣ ላይክ፣ እንደ ቅድሙ።»

ወይዘሮ ሐረገወይን ግራ ቢገባቸውም ሳብ አደረጉ። ፈረሱ ደርቆ ቆመ።

ሚካኤላ ሳቋ መጣ፤ ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ጠረጠረች። «እኔም እንደዛ አደርጋለሁ እንዴ?» አለች።

«አንቺማ ከእኔም ትብሻለሽ! ስልክ ላይ ግማሹ ወሬሽ እሱ አይደል?»

ክሊኒክ ውስጥ ታካሚዎች ሕመማቸውን ሲያወሯት በመሃል «ደህና ነሽ?» የሚሏት ለዚህ ኖሯል። አሜሪካ ያደገች፣ አማርኛዋም የተሰባበረ ናት፤ ይህቺን አንዲት ነገር ግን ማንም ሳያስተምራት ከእናቷ ወርሳለች። ብቻዋን ስትለማመድ የሚያነብላት የለም፣ ስለዚህ አዎ የምትለውም የለም። ውድድር ላይ ግን ሚስ ዶሪስ ባነበበች ቁጥር በዚያች ትንፋሽ እሺ ስትላት ኖራለች፤ የሰማት ደግሞ ከሥሯ ያለው ነው።

ሚስ ዶሪስ ካላነበበችላት መንገዱ ሊጠፋባት ይችላል፣ ያ ደግሞ ነጥብ ያስቀጣል። ስለዚህ ከሰዓት አፏን ግጥም አድርጋ ገባች። አልረዳትም። የመጀመሪያው ትእዛዝ ሲነበብ ትንፋሿ ደረቷ ውስጥ ታንቆ ትከሻዋ ደነደነ፤ ብስኩትም ከጠዋቱ ብሶ ተገተረ።

ማዕዘኑን እየዞሩ ጆሮዎቹን አየቻቸው። ወደ እሷ ዞረዋል። አልደነገጠም፤ እየጠየቃት ነው። እስከ ዛሬ በትንፋሿ «ስማኝ» ስትለው ከርማ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ሳትለው አንጠልጥላ ትተወው ነበር። አሠልጣኞች ሁሉ እንቅስቃሴ ከመለወጥሽ በፊት ፈረሱን አስጠንቅቂው ሲሏት እሷ ያንኑ ሳታውቀው ታደርገው ኖሯል፣ ግማሹን ብቻ።

ሚስ ዶሪስ አነበበች። ሚካኤላ ትንፋሿን እንደ ልቡ ለቀቀችው፤ ሳብ አለ፣ ወዲያውም በእግሮቿ ወደፊት አለችው። ብስኩት አንገቱን አጎንብሶ፣ ጀርባውን ከፍ አድርጎ ወደሚቀጥለው እንቅስቃሴ ተሻገረ። ድምፅ ማሰማት ነጥብ ያስቀንሳል፤ ትንፋሽስ? አላወቀችም፣ ለማወቅ ግን ጓጓች። በየፊደሉ ተነጋገሩ፤ መሃል ሜዳ ላይም በአራት እግሩ እኩል ቆመላትና እጅ ነሳች።

ልጓሙን አላልታ በዝግታ ወጣች። ውጤቱ ገና አልተለጠፈም። ሚስ ዶሪስ ከበሩ ጀምራ በጎናቸው እየተራመደች፣ የፈረሱን ላብ በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገች። ሰሌዳውን ዞር ብላ አላየችም።

«ውጤቱ የፈለገውን ይሁን» አለች በእንግሊዝኛ። «ከሱ ጋር መቀጠል ትፈልጊያለሽ?»

ሚካኤላ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

ብስኩት ቀጥ ብሎ ቆመ። ሚስ ዶሪስም አብራው ቆመች፤ ዓይኖቿን ከፀሐዩ በእጇ ከልላ ወደ ሚካኤላ አንጋጠጠች፣ መልሱን እየጠበቀች።