ለስፓኒሽ የተላኩ ሽማግሌዎች

መጀመሪያ የተለጠፈው ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ቢጫ ወረቀት። ከሥራ ገብቼ ውሃ ልቀዳ ስል «ላ ኔቬራ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ዞር ስል በሩ ላይም አለ፤ ወንበሩ ላይም፣ መስተዋቱም ላይ። ኮለምበስ ዳር፣ ሂሊያርድ ካለው መጋዘን ፎርክሊፍት ላይ ውዬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ዓይኔን ስከድን ልጄ ዙልፋ ድምጿን አጥፍታ መጥታ ደረቴ ላይ አንዱን ለጠፈችብኝ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ሚ ፓፓ። አባቴ ማለት ነው። ፕሮፌ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ስሙን ለጥፉበት ብሎናል።»

ፕሮፌ የምትለው የስፓኒሽ አስተማሪዋን ነው። ሰባተኛ ክፍል ናት።

«እኔ ዕቃ ነኝ?»

«ባባ፣ ጆክ ነው። ሪላክስ።»

ሪላክስ ትለኛለች። አባቴን እንዲህ ብለው ኖሮ ዛሬ ጥርስ አይኖረኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚወራው በሦስት ቋንቋ ሆነ፤ እኔ እንደ ሰው የማወራው በአንዱ ነው። ባለቤቴ ሱልጣና ኢስተን አካባቢ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። አብረዋት የሚሠሩት የሆንዱራስና የሜክሲኮ ሴቶች ናቸው። ከእነሱ የለቃቀመችውን ይዛ ትመጣና ከልጅቷ ጋር ኩሽና ገብተው ይንጫጫሉ። እኔ ብቅ ስል ዝም። «ምን እያላችሁ ነው?» ስላት፣ «ስለ ሽንኩርት» ትለኛለች። ስለ ሽንኩርት እንደዚያ ይሳቃል?

ይሁን ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታ የለመድኩት ነገር ነው።

ኖቬምበር ሲገባ ግን የአባቴ ፎቶ ከግድግዳው ጠፋ። አባቴ ሚሊሻ ነበር፤ በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ኦጋዴን ነው የቀረው። መቃብሩን አላውቅም። ከእሱ የተረፈኝ ያ ፎቶ ብቻ ነው፤ ከኮምቦልቻ ኮለምበስ ድረስ በኮቴ የውስጥ ኪስ ይዤው የመጣሁት። ዙልፋን ስጠይቃት ያለምንም ሐፍረት፣ «ክላስ ወስጄዋለሁ» አለችኝ። ሜክሲኮዎች በዓመት አንዴ የሞቱባቸውን ሰዎች ያስታውሳሉ አሉ፤ ፎቷቸውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ የሚወዱትን ምግብ ከፊቱ አስቀምጠው። ፕሮፌ ይህንን ሲያስተምር ሁላችሁም የናፈቃችሁትን አምጡ ብሏል። የእኔ ልጅ በሕይወቷ አይታው የማታውቀውን አያቷን ናፈቀች።

በማግስቱ ሥራ ቀርቼ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ ያለችው ሴትዮ መታወቂያዬን ተቀብላ ደረቴ ላይ «እንግዳ» የሚል ስቲከር ለጠፈችብኝ። ሰሞኑን የሚለጥፍብኝ ሰው አላጣሁም።

ክፍሉ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ጠረጴዛው በተቆራረጠ ቀለማም ወረቀት ተሸፍኗል፤ የወረቀት አበባ፣ ዳቦ፣ በባትሪ የሚበራ ሻማ። ልጆቹ ተራ በተራ እየተነሱ ፎቷቸውን እያሳዩ «ኤክስትራኞ አ ሚ አብዌላ» ይላሉ፤ አያቴ ናፍቃኛለች ማለት ነው። አስተማሪው ጀርባውን ሰጥቶኝ የተሳሳተውን ያርማል፤ ያስደግማል፤ እጁ እንደ መዘምራን መሪ ይወዛወዛል። የአባቴን ፎቶ በዓይኔ ፈለግሁ። መሃል ላይ ነበር። ጎኑ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ የውሻ ፎቶ!

አስተማሪው ዞረ። ራሰ በራ፣ የእኔ ዕኩያ የሚሆን። አየኝና በአማርኛ፣ «እንኳን ደህና መጡ። የዙልፋ አባት ነዎት?» አለኝ።

ሐበሻ! ልጄ አንድም ቀን አልነገረችኝም። በኋላ ስጠይቃት «አልጠየቅከኝም» ነው ያለችኝ።

«ውሻው የማን ነው?» አልኩት።

«የአንዱ ተማሪ ነው። ባለፈው ወር ሞተበት።»

«አባቴ የሞተው ለአገር ነው!»

«አውቃለሁ» አለኝ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። «የሚሊሻ ልብሱን አይቼ ነው መሃል ላይ ያደረግሁት። የእኔም አባት እዚያው ጦርነት ነው የቀረው። ያደታ እባላለሁ። በዚያ ምክንያት ነው ኩባ ሄጄ ያደግሁት።»

ኩባ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከጦርነቱ በኋላ አባታቸው የሞተባቸው ልጆች ተመርጠው ለትምህርት ወደ ኩባ ይላኩ ነበር። እኔም ተጠርቼ ነበር። ደሴ ወስደው በሰልፍ አቆሙን። ሐኪሙ የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቱ ገልብጦ አየና «ይሄ ዓይኑ ታሟል፤ ይቅር» አለ። ከፊቴ የነበረው ልጅ አለፈ፤ ከኋላዬ የነበረውም አለፈ። አሰብ ወርደው መርከብ ገቡ፤ እኔ በጭነት መኪና ኮምቦልቻ ተመለስኩ። እናቴ በዓይኔ ውስጥ ቅባት ስታደርግልኝ በሁለት ሳምንት ዳንኩ። ለሁለት ሳምንት የሚሆን ትዕግሥት ግን መንግሥት አልነበረውም። የሰፈር ልጆች ስሜን ቀየሩት። «ኩባ! ና ኳስ አምጣ!» «ኩባ፣ እናትህ እየጠራችህ ነው!» አግብቼ ወልጄም አለቀቀኝም። አንዱ የአገሬ ሰው እዚሁ መስጊድ ፓርኪንግ ውስጥ በልጄ ፊት «ኩባ!» ብሎ ጮኾ ጠርቶኛል። ለምን እንዲህ አለህ ስትለኝ፣ ልጅ ሆኜ ስኳር ስለምወድ ነው አልኳት።

ፎቶዬን ብድግ አድርጌ፣ ልጆቹ እያዩኝ ወጣሁ። ቢሮው ጋ ስደርስ ልጄን ከስፓኒሽ አውጡልኝ አልኳቸው።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። ለካስ ዙልፋ ከጃንዋሪ ጀምሮ ወደ ከፍተኛው የስፓኒሽ ክፍል እንድትገባ ተመርጣለች። እዚያ ያለፈ ልጅ ለሃይስኩል ይቆጠርለታል። ወላጅ በስልኩ «እስማማለሁ» የሚለውን መጫን አለበት፤ እስከ ሰኞ። መልእክቱ መጣልኝ፤ «አልስማማም» የሚለውን ተጫንኩ። ልጅቷ «ባባ፣ ኢትስ ማይ ክላስ!» ብላ በሩን በላዬ ላይ ዘጋችው። ሱልጣና ደግሞ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

«ለልጅቷ አስበህ ነው ወይስ ለዓይንህ?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገርኳትም። ያደታ ደጋግሞ ኮል አደረገ፤ ብሎክ አደረግሁት። ቤቴ አላስቀምጥ አለኝ። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ አልገባም፤ ከተማውን የሚከበውን መንገድ፣ 270ን፣ ያለ ምክንያት እዞራለሁ። ገብቼም ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ነው። ያ የዓይን ቆቤ ደግሞ፣ ወላሂ፣ ያሳክከኝ ጀመር፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተወኝም።

እሑድ ከቀትር በኋላ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሁለት ሰዎች ኮት ለብሰው ቆመዋል። አንዱ የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሃጂ ሃቢብ ናቸው። ሌላኛው ጋሽ ምንያህል፣ የዕድራችን ሰብሳቢ፤ ክርስቲያን ናቸው፤ ግን የማይጠሩበት ቤት የለም።

«ግቡ፣ ግቡ። ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ ሃጂ። «የመጣንበትን ሳትፈጽምልን አንቀመጥም።»

እኔ ምን ልበል? ሽማግሌ ኮት ለብሶ መጥቶ አልቀመጥም ካለ፣ ወይ ልጅ ሊጠይቅ ነው፣ ወይ ባልና ሚስት ሊያስታርቅ። ልጄ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ስለዚህ ሱልጣና ከሳኛለች! ደሜ ወደ ራሴ ወጣ።

«ገብቶኛል» አልኩ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ። «ምን ብላ ከሰሰችኝ? አኮረፈኝ አለች? እሷስ? ለእህቷ በስልክ ‹ባል ሳይሆን ደጅ የሚጠብቅ ሰው ነው ያገባሁት› ስትል በጆሮዬ አልሰማሁም? ሰርግ ቤት፣ በሰው ፊት፣ ‹የእኔ ሰውዬ ፊደል ካሳዩት ያነጥሰዋል› ብላ አላሳቀችብኝም? የሠራችውን ወጥ ለመቅመስ እንኳ መጀመሪያ የምትጠራው ልጇን ነው! እኔ እዚህ ቤት ፎርክሊፍት ነኝ፣ ፎርክሊፍት! አንሳ ሲሉኝ አነሳለሁ፣ አስቀምጥ ሲሉኝ አስቀምጣለሁ!»

ኩሽና ውስጥ የሳህኑ ድምጽ ቆመ።

ሃጂ ጋሽ ምንያህልን አዩ። ጋሽ ምንያህል ጣሪያውን አዩ።

«ኑርሁሴን» አሉ ሃጂ ቀስ ብለው፣ «እኛ እኮ የመጣነው ስለ ስፓኒሽ ነው።»

«ስለ ምን?»

«አስተማሪዋ ነው የላከን። ልጅቷን ለትምህርቱ ፍቀድላት ብለን ልንለምንህ ነው። የሚስትህን ነገር አሁን ካንተ ነው የሰማነው።»

«ስንሰማም ደንግጠናል» አሉ ጋሽ ምንያህል።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። ግን አፓርትመንታችን ሁለተኛ ፎቅ ነው።

«ለስፓኒሽ ሽማግሌ ይላካል?» አልኩ።

«ስልኩን ስትዘጋበት ምን ያድርግ?»

«ላኪው የት አለ?»

«ታች፣ መኪና ውስጥ።»

«ይምጣ።»

መጣ። እሱም አልተቀመጠም። አራት ወንዶች ሳሎን ውስጥ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተገትረናል። ዙልፋ የክፍሏን በር በስንጥቅ ከፍታ ታያለች።

ያደታ ስለ ልጄ ተናገረ። ሌሎቹ ልጆች በ«ቱ» እና በ«ኡስቴድ» መካከል ሲደናበሩ እሷ ተነሥታ፣ በአገራችን ለትልቅ ሰው ሌላ አጠራር አለ፣ ይሄም እንደዚያ ነው ብላ ለክፍሉ ሁሉ አስረዳች አለ። ግሱን ለማርባት ፈጣን ናት፤ ስትሳሳት አትሸማቀቅም፤ እንዲህ ዓይነት ተማሪ በየዓመቱ አይገኝም አለ።

«እርስዎ ማለትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ያስታውቃል። አንተ ብላኝ አታውቅም» አለ፤ ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «ስትሄዱ ሐኪሙ ዓይንህን ገልብጦ አይቷል?»

ገባው መሰለኝ፤ ፊቱ ተለወጠ። «አይቷል።»

«ምን አለህ?»

«እለፍ አለኝ።»

«እኔን ግን ‹ይቅር› አለ።»

 ያደታ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «አቶ ኑርሁሴን» አለ፣ «እሱ ግፍ ነው። ዙልፋን ይቅርባት ያላት ግን ሐኪም አይደለም፤ እርስዎ ነዎት።»

በገዛ ቤቴ! በሽማግሌ ፊት! ላስወጣው እጄን ወደ በሩ ዘረጋሁ፤ ግን የተሻለ ነገር መጣልኝ። ሽማግሌ በአንድ ቀን ይሁንታ አያገኝም፤ ይመላለሳል። ይህ የእኔ መብት ነው፤ ማንም ሐኪም የማይወስድብኝ።

«ተሰምቷል» አልኩ፣ ድምጼን አወፍሬ። «ተመካክረን እንነግራችኋለን። ከረመዳን በኋላ ተመለሱ።»

«ኧረ ቀነ ገደቡ ነገ ነው!» አሉ ጋሽ ምንያህል።

«ሽማግሌ አይቸኩልም፣ ጋሼ።»

አልዋሽም፣ ጣፈጠኝ። ዕድሜ ልኬን ተሰልፌ የኖርኩ ሰው፣ ለአንዴ እንኳ ሌላው በእኔ በር ይሰለፍ።

ሱልጣና ከኩሽና ወጣች። እጇን በፎጣ እያደረቀች ነው። ፊቴን አላየችም።

«ስለ እኔ ቅድም ተነግሯል» አለች። «ሁሉንም ሰምቻለሁ። አሁን የእኔ ተራ ነው። ዙልፋ፣ ነይ ውጪ። ትፈልጊያለሽ?»

«የስ።»

«በአማርኛ። ሽማግሌ ቆሞልሻል።»

«እፈልጋለሁ» አለች ልጄ። ወደ እኔ ዞረች። «ባባ፣ ደስ ይለኛል እኮ። ሌላ ነገር የለውም። ደስ ስለሚለኝ ነው።»

ሱልጣና ስልኳን ከኪሷ አወጣች። «መልእክቱ ለእኔም ይገባል። እኔም ወላጅ ነኝ፤ የአንዳችን ፈቃድ ይበቃል» አለችና «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫነች። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ ሶፋውን አሳየቻቸው። «በሉ፣ ተቀመጡ።»

ተቀመጡ! ሃጂ ሃቢብ፣ ያን ያህል አንቀመጥም ያሉት ሰውዬ፣ በእሷ ቃል እፎይ ብለው ተቀመጡ። ጋሽ ምንያህልም። ያደታም ጫፉ ላይ ቁጢጥ አለ። ነገሩ አለቀ ማለት ነው። የምመካከርበት፣ የማመላልስበት፣ አንድ ቀን እንኳ አልተረፈኝም። ሚስቴን በሽማግሌ ፊት ያን ሁሉ ባልዘበዝብ ኖሮ ኩሽናዋን ትታ አትወጣም ነበር፤ አውቃለሁ፤ ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም።

ምግብ ቀረበ። ሁሉም እጁን ታጠበ። እኔ በቴሌቪዥኑና በመስኮቱ መካከል እንደቆምኩ ነኝ። ያደታ ወደ ዙልፋ ዘንበል ብሎ በስፓኒሽ አንድ ነገር ጣል አደረገ። ሳቀች። ሱልጣናም ሳቀች።

«ምን አላት?»

«ምንም» አለች ሱልጣና። በሳምንት ውስጥ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ናት።

«ዙልፋ፣ ምን አለሽ?»

«አባትሽ መቀመጥ አይወድም ወይ? ነው ያለኝ።»

«ሲያሰኘኝ እቀመጣለሁ በይው።»

«አንተ በለው።»

«በምን አፌ?»

«‹ሜ ሲዬንቶ ኩዋንዶ ኪዬሮ› በለው።»

ሃጂ የጠቀለሉት ጉርሻ አፋቸው ደጅ ላይ ቆመ። ልጄ በዓይኗ ትገፋኛለች። እኔ ልማርለት አይደለም፤ በቤቴ ስለ እኔ የተባለውን የመመለስ መብት ግን አለኝ። ወደ ያደታ ዞሬ አልኩት፤ መሃሉ ላይ ምላሴ ተደናቀፈ።

«ኩዋንዶ» አለ፣ ጣቱን ቀና አድርጎ፣ ክፍሉ ውስጥ ልጆቹን እንደሚያርመው። ከዚያ ማንን እንደሚያርም አስታወሰ መሰለኝ ጣቱን አጠፈ።

በእንግዳ ፊት፣ በሚስቴና በልጄ ፊት አረመኝ። ይህን አልረሳለትም።

«ኩዋንዶ» አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

«ኪዬሮ።»

«ኪዬሮ!» አልኩት። አልተቀመጥኩም።