ርቢ የተሰጠ ጓሮ

የተበላሸው ነገር ይህ ነው፤ የወይዘሮ ዘውድነሽ ጓሮ አማረ። ጠውልጎ ቢቀር፣ አቧራና ቅንጭብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። በዚያ ዘመን ናዝሬት ውስጥ አስቀያሚ ነገር የባለቤቱ ነው፤ ያማረ ነገር የሰፊው ሕዝብ ነው። ሰፊው ሕዝብ ማለት ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ኢተፋ ማለት ነው።

ጓሮውን ያሳመረችው ልጃቸው ሸዋወርቅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ባዮሎጂ ልታስተምር ወደ ትውልድ ከተማዋ ስትመለስ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለችው ቤት ከእናቷ ጋር ገባች። አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሞተዋል። እናትና ልጅ የሚበሉትን የሚገዙት ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ነበር። አንድ ቀን ለሽንኩርት ተሰለፉ። ሽንኩርቱ ከመሸጡ በፊት ሰልፈኛው በሙሉ አዳራሽ እንዲገባ ታዘዘና በምግብ ራስን ስለመቻል ረጅም ንግግር ተደረገለት። ንግግሩ ሲያልቅ ሽንኩርቱም አልቆ ነበር። ማን እንደወሰደው ሁሉም ያውቃል፤ የጠየቀ ግን የለም።

“ራሳችሁን ቻሉ አሉን አይደል?” አለች ሸዋወርቅ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ስትመለስ። “እንችልላቸዋለን።”

በማግስቱ አካፋ ገዛች። የናዝሬት አፈር አሸዋ ነው፤ የሰጡትን ውሃ ጠጥቶ ይረሳል። ስለዚህ የጋሪ ፈረሶችን መከተል ጀመረች። ከተማው የሚንቀሳቀሰው በጋሪ ነውና መንገዱ ፋንድያ ሞልቶታል፤ ዞር ብሎ የሚያየው ግን አልነበረም። ከትምህርት ቤት መልስ ጆንያና አካፋ ይዛ ስትዞር ያየቻት ጎረቤቷ መሰለች በሳቅ ፈረሰች።

“ለካ ዩኒቨርሲቲ የምንልካችሁ ፋንድያ ለመልቀም ኖሯል!”

“ለሱም ዲግሪ ይጠይቃል፣ እትዬ መሰለች። እደጅዎ ያለውን ልውሰደው ወይስ ይፈልጉታል?”

ባለጋሪው ጂብሪል በመጨረሻ ፈረሱን አቁሞ ተቆጣት። “ቲቸር፣ እየተከተልሽ ፈረሴን አሳፈርሽው፤ መንገድ ላይ ማድረግ ትቷል። ጋጣው ውስጥ ክምር አለልሽ፤ እኔው አመጣዋለሁ።”

አመጣላት። ውሃውን ደግሞ ከቦኖ እየቀዱ ሁለት ጊዜ ይሠሩበት ጀመር። እቃ የታጠበበት ለጎመኑ፣ የልብስ እጣቢ ለፓፓያው ሆነ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ፊታቸውን የሚታጠቡት እንኳ ቃሪያው ላይ ጎንበስ ብለው ነበር። ቀስ በቀስ ሽንኩርቱ፣ ቀይ ሥሩ፣ ቲማቲሙ ተራ ይዞ ቆመ። ዶሮዎች ገቡ፤ ከወለንጪቲ ገበያ የመጣች ፍየልም ወለደችና ሻያቸው ወተት አገኘ። ከሱቁ የሚገዙት ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና ጋዝ ብቻ ሆነ። ሸዋወርቅ በሰልፉ አጠገብ ስታልፍ አንገቷን አታቀረቅርም፤ ይህችም ሳትታይ አልቀረችም።

ጓድ ኢተፋ መጣ፤ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። በሳምንቱ “ሞዴል ጓሮ” የሚል ሰሌዳ አጥሩ ላይ አስቸነከረ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ደስ ብሏቸው ሰሌዳውን በየጠዋቱ በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ያራግፉለት ነበር። ከዚያ ሊቀመንበሩ ሸዋወርቅን ቢሮው አስጠራት። ክፉ ሰው አልነበረም። ማይክራፎን የሚወድ፣ የበላይ አካልን የሚፈራ፣ ድምፁ ከአካሉ የሚበልጥ ሰው ነበር።

“ጓሮው ከእንግዲህ የቀበሌው ነው” አላት። “ምርቱ ኅብረት ሱቅ ይገባል። አንቺ የቴክኒክ አስተባባሪ ትሆኛለሽ።”

“እኔና እናቴ የምንበላውስ?”

“ከሱቁ ትገዛላችኋ፤ እንደማንኛውም ሰው።”

“የራሴን ጎመን ተሰልፌ?”

“ለአስተባባሪ ቅድሚያ ይሰጥ ይሆናል” አለ፣ ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው። “እሁድ ስብሰባ ላይ ተነሺና በገዛ ፈቃዴ አስረክቤያለሁ በይ። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ከዚያ ከበላይ የሚመጡ እንግዶች ጓሮውን ይጎበኛሉ።”

ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟት እናቷ ዘንድ ደርሶ ነበር።

“ስጪያቸው” አሉ።

“አልሰጥም።”

“ሸዋዬ፣ እነዚህ እኮ የሚጠይቁት ከወሰዱ በኋላ ነው። የአባትሽ ጓደኛ ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ እንደወጣ ቀረ። ካንቺ ጎመኑ ይቅርብኝ።”

“ጎመኑን እኮ ቢወስዱት ሌላ እተክላለሁ፣ እማዬ። በገዛ ፈቃዴ በይ ያሉኝ ነው ያልተዋጠልኝ። ዘርፈው ሲያበቁ ላመስግናቸው?”

“ድፍረት ብቻውን ምን ይሠራል!” ወይዘሮ ዘውድነሽ ተናደዱ። “አባቴም ደፋር ነበር፤ ግን ብልህም ነበር። ቡልጋ ምስለኔው ከብት ሊቆጥር መጣ ሲባል ላሞቹን ለየዘመዱ ርቢ ይሰጥና፣ በረቱን አስጠርጎ፣ ጋቢውን ደርቦ ቁጭ ይላል። ቢቆጥር ቁንጫ ይቁጠር! አንቺ ግን—” ቆም አሉ። ልጃቸው አፍጥጣ እያየቻቸው ነበር። “ምነው አፌን በቆረጠው!” አሉ።

ርቢ የገጠር ደንብ ነው። ላምም ትሁን ፍየል ወይም ዶሮ፣ ባለቤቱ ለሌላ ሰው ይሰጣታል፤ ተቀባዩ ያረባታል፤ የወለደችውን ይካፈላሉ፤ እናቲቱ ግን የሰጪው ናት። ውሉ ቃል ብቻ ነው። የርቢ ከብት የካደ ሰው ለቅሶው ላይ እንኳ ስሙ ይነሳል።

“ጎመን ርቢ ተሰጥቶ አያውቅም” ብለው ሞከሩ እናቷ።

“እኛ እንጀምረዋለን።”

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከተማው ሁሉ እያየ፣ የጂብሪል ጋሪ ደጃፋቸው ቆመ። ችግኙ ሁሉ ከነአፈሩ ተነቀለ። ጎመኑ በጣሳ፣ ቃሪያው በተሰበረ እንስራ፣ ሽንኩርቱ በጆንያ ሆኖ ከቤት ቤት ዞረ። በየደጃፉ ሸዋወርቅ አንዲት ነገር ብቻ ትናገራለች። “ርቢ ነው። ስታፈራ እንካፈላለን።” የፈሩ ነበሩ፤ በራቸውን በጨዋ ደንብ ዘጉባት። አብዛኛው ግን ያን የሽንኩርት ቀን አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ነው። መሰለች ቀይ ሥሩን ተቀብላ፣ “ፋንድያውስ አብሮ አይሰጥም?” አለች፤ አሁን ግን የምሯን ነበር። ያልተነቀለው ፓፓያው ብቻ ነው፤ እሱም ፍሬው ተለቅሞ ቆመ።

ዶሮዎቹንና ፍየሏን ከነግልገሏ ሸዋወርቅ ይዛ የሄደችው አዴ ዲንቄ ዘንድ ነው። አዴ ዲንቄ የጓድ ኢተፋ እናት ናቸው፤ ዘመዶቻቸው ሁሉ ያሉት ወለንጪቲ ነው። ከልጃቸው ቤት ሁለት አጥር ዘለል ብለው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ “ስብሰባ የሚበዛበት ቤት እንቅልፍ የለውም” ብለው።

“ርቢ ነው?” አሉ ፍየሏን ጀርባዋን እየዳበሱ።

“አዎ፣ አዴ።”

“ከልጄ የሸሸ ነው?”

ሸዋወርቅ መዋሸት አላማራትም። “አዎ” አለች።

አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። “ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ኢተፋ ሊቀመንበር የሆነው ትላንት ነው። ርቢ ከአያቴም በፊት ነበር። እሰሪያት እዚያ።”

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። ሙቀቱ ጣሪያውን ያስጮኻል፤ ሰዉ በነጠላውና በጋዜጣ ይራገባል። ሸዋወርቅ ግን ወፍራም ጋቢ በእጇ አንጠልጥላ ገባች። በናዝሬት ሐሩር እኩለ ቀን ላይ ጋቢ የሚይዝ ሰው የት ለማደር እንደተዘጋጀ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ባለፈችበት ወሬው ይቋረጣል። እናቷ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል።

ጓድ ኢተፋ ማይክራፎኑን መታ መታ አደረገ። “አሁን ጓድ ሸዋወርቅ ሞዴል ጓሮውን በገዛ ፈቃዷ ማስረከቧን ታበስረናለች!”

ተነሳች። “ጓሮው ባዶ ነው” አለች። “የማስረክበው የለኝም።”

“ምን ማለትሽ ነው ባዶ?”

“ለሰፊው ሕዝብ አከፋፍየዋለሁ። ሞዴል ነው ብለዋል አይደል? ሞዴል ደግሞ መስፋፋት አለበት።”

ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊያመካኘው ሞከረ፤ አልተሳካለትም፤ አዳራሹ ተከተለው። የሊቀመንበሩ ፊት ቲማቲም መሰለ።

“ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው!” ማይክራፎኑ ጮኸ። “አብዮት ጠባቂዎች! እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ከየቤቱ ዞራችሁ ሰብስቡ! ችግኙን መልሱና ትከሉ! ዶሮዎቹን አምጡ!”

ሳቁ ጠፋ። ጠባቂዎቹ ጠብመንጃቸውን አነሱ። ሸዋወርቅ ለራሷ ተዘጋጅታ ነበር፤ ጣሳ ሙሉ ጎመን ለተቀበሉት ሰዎች ግን ምንም አላዘጋጀችም።

“ከኔ ቤት ጀምሩ” አለ አንድ ድምፅ። አዴ ዲንቄ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። “ዶሮዎቹ እኔ ጋ ናቸው፣ ኢተፋ። ፍየሏም። አደራ ነው የተቀበልኩት። ና፣ አንተው ፍታት፤ እኔ ደጄ ላይ ቆሜ አይሃለሁ። ወለንጪቲም ይስማ።”

ጠባቂዎቹ ሊቀመንበራቸውን አዩ። ሊቀመንበሩ ማይክራፎኑን አየ። ከእናቱ ደጅ የርቢ ፍየል የፈታ ሰው በሕይወቱ ወለንጪቲ ለቅሶ እንደማይደርስ ከአዳራሹ ሁሉ ይበልጥ እሱ ያውቃል።

“ተቀመጡ” አላቸው ጠባቂዎቹን ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ሸዋወርቅ ዞረ፤ ድምፁ ግን ወደ ሁሉም ነበር። “ጥሩ። ራሳቸውን የቻሉ ሰዎች ናቸው አሉ። ራሱን የቻለ ከሱቁ ምን ይፈልጋል? ምረጡ። ወይ ባዶውን መሬት ዛሬውኑ ታስረክቡና እኛ እንተክልበታለን፤ ወይ የራሽን ካርዳችሁን ትመልሳላችሁ። ስኳር የለም፣ ጨው የለም፣ ሳሙና የለም፣ ጋዝ የለም። ሕዝቡ ይመስክር፤ ምርጫ ሰጥቻለሁ።”

ሸዋወርቅ ወደ እናቷ ዞረች። ለራሷ ቢሆን ካርዱን ፊቱ ላይ ትወረውረው ነበር። ካርዱ ግን በእናቷ ስም ነው። ወይዘሮ ዘውድነሽ ደግሞ ሻያቸውን ማንኪያው እስኪቆም ስኳር ካልጨመሩበት የማይጠጡ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ኩራዝ ካልበራ የማይተኙ ሴት ናቸው። ጓድ ኢተፋም ይህን ያውቃል። የመታውም እዚያው ላይ ነው።

“ምረጪ እንጂ፣ ጓድ አስተባባሪ!”

ከወደ ኋላ አንድ ወንበር ተንቋቋ። ወይዘሮ ዘውድነሽ በወንበሮቹ መሀል ቀጥ ብለው መጡ። የመሀረባቸውን ቋጠሮ ፈቱና ካርዱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

“እማዬ፣ ቆይ” አለች ሸዋወርቅ።

“አንቺ ዝም በይ! የኔን ስኳር አንቺ ነሽ የምትወስኚልኝ?” ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። “ያው ካርዱ። ሻዬ መራራ ይሁን፤ ጎመኔን ግን ተሰልፌ አልበላም። መሬቱንም አላስረክብም። ሕዝቡ ይመስክር ብለሃል፤ ሰምቷል።”

ጓድ ኢተፋ ካርዱን አየው፤ አላነሳውም። “እመት፣ ስብሰባው አላለቀም” አለ። “ይቀመጡ።”

አልተቀመጡም። ወደ በሩ አመሩ። በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ጠብመንጃውን ከእጅ እጅ አዛወረ።

“እማማ፣ የመዝጊያው መፈክር ሳይባል መውጣት ክልክል ነው።”

“እናንተ በሉት” አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ። “እኔ የጎመን መደብ የምቆፍርበት ፀሐይ እያለፈብኝ ነው።”

ልጁ ዞር አለላቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና የቆርቆሮውን በር ከውጭ ስበው ዘጉት።