ድምፅ ያጣው በረራ

የበረራ ማሠልጠኛው መመሪያ አጭርና የማያሻማ ነበር። ለአብራሪነት የሚወዳደር ሁሉ በኮምፒዩተር የበረራ ማስለመጃ ፕሮግራም አንድ አውሮፕላን ሲያሳርፍ፣ እጁና ስክሪኑ በአንድነት እየታዩ፣ ድምፁም እየተሰማ በስልክ ተቀርጾ ይልካል፤ ተቆርጦ የተቀጠለ ቪዲዮ ተቀባይነት የለውም። ጊዜው የሚያበቃው ቅዳሜ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

በዚያው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ፀደይ፣ በላሊበላ በአባቷ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ በላፕቶፕ ስክሪን ላይ አውሮፕላኑን በላስታ ተራሮች መካከል ዝቅ አደረገችው። ጎማዎቹ መሬት ነኩ። አስተራረፉ ያማረ ነበር፤ ላፕቶፑ ግን ትንፍሽ አላለም። ለልምምድ ድምፅ የግድ ስላልነበረ የላፕቶፑ ዝምታ እስከዚያ ቀን አላሳሰባትም።

ስልኩን ይዞ የሚቀርጽላት የአጎቷ ልጅ ውቤ ነበር። ለጎብኚዎች የእንጨት መስቀል የሚሸጥ፣ አንደበቱ የማያርፍ ወጣት ነው።

«ምን ያስጨንቅሻል? የሞተር ድምፅ ከኢንተርኔት አውርደን እንለጥፍበታለን። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺማ በጾም ዝንብ ብትውጪ የንስሐ አባትሽ ዘንድ ትሮጫለሽ!»

«በቅጥፈት ገብቼ ነገ ሰው የሞላበትን አውሮፕላን ላበርር? አይሆንም። ችግሩን እንፈልግ።»

ውቤ ፕሮግራሙ ተደምስሶ እንደ አዲስ ይጫን አለ።

«በዚህ ኔትወርክ? እስከ ፋሲካ አይወርድም። መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንለይ።»

የፕሮግራሙን የድምፅ ማስተካከያ ከፍታ አየች፤ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተለቋል። ፕሮግራሙን ዘግታ መዝሙር ከፈተች፤ መዝሙሩም አልተሰማም። እንግዲያው ጥፋቱ የላፕቶፑ እንጂ የፕሮግራሙ አልነበረም። ወደ ላፕቶፑ ቅንብር ስትገባ፣ ድምፁ ወደ ጆሮ ማዳመጫ እየሄደ መሆኑን አነበበች። የተሰካ ማዳመጫ ግን አልነበረም።

ውቤ ከሱቁ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አመጣ። ሽቦውን በላፕቶፑ የማዳመጫ ቀዳዳ ቢሰካው ግማሽ ድረስ ገብቶ ቆመ።

«ውስጡ የሆነ ነገር አለ» አለች ፀደይ።

በዚህ መካከል የላፕቶፑ ባለቤት፣ አስጎብኚው አባቷ አቶ ባምላክ፣ ጎብኚዎች ይዘው ከሄዱበት ከይምርሐነ ክርስቶስ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ።

«አባባ፣ የማዳመጫው ቀዳዳ ውስጥ ያስገቡት ነገር አለ?»

«እንዴታ! ልጓም አበጅቼለት ነበር» አሉ አቶ ባምላክ። «አንድ ቀን በዋሻው ደጃፍ የሥዕሎቹን ፎቶ ለእንግዶች ሳሳይ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ከላፕቶፑ ማስታወቂያ ጮኸብኝ። ካህናቱ ዞር ብለው ሲያዩኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ከዚያ ወዲህ ከአሮጌ ማዳመጫ ጫፉን ቆርጬ እሰካበት ጀመር፤ ያ ከተሰካ አይጮህም። ኋላ ግን ወልቆ ጠፋብኝ።»

«አልጠፋም፤ ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቀርቷል።»

«ጋሼ፣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይቻልም ነበር?» አለ ውቤ።

«ዝቅ ማድረግ ይረሳል። በቤተ መቅደስ ደጅ ረሳሁ ልበል?»

ጥንቃቄው የሚያስመሰግን ነበር፤ ያመጣው መዘዝ ግን በልጃቸው ላይ አረፈ።

ፀደይ ላፕቶፑን አጠፋች። ቀለሙ ያለቀበትን የእስክሪብቶ ቀሰም አፉን በክብሪት አለስልሳ ወደ ቀዳዳው አስገባች፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ ሳበችው። ባዶውን ወጣ። ደገመችው። እንደገና ባዶ።

«ተዪው ልጄ፣ ሰኞ ለጠጋኝ እንሰጠዋለን» አሉ አባቷ።

«ሰኞ ምን ያደርግልኛል፣ አባባ?»

ቀሰሙን ቆርጣ አዲስ አፍ አበጀችለት፤ አለሰለሰች፣ አስገባች፣ ጠበቀች። በመጨረሻ የገብስ ቅንጣት የምታህል ብረት ከቀሰሙ ጋር ተጣብቃ ወጣች። ላፕቶፑ ሲከፈት የሞተሩ ጉርምርምታ በረንዳውን ሞላው፤ ውቤም በእልልታ አጀበው።

ውቤ እየቀረጸ፣ አውሮፕላኑን እንደ ቀድሞው ለማሳረፍ ዝቅ አደረገችው። አውሮፕላኑ ወደ ማኮብኮቢያው ሲቃረብ ግን ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ተነሣ። ጎማዎቹ እንደ ቅድሙ ቀስ ብለው መሬት ነኩ።

«ይኸው ድምፅ! ላኪው!» አለ ውቤ።

«ጩኸቱ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ፍጥነቴ ከመጠን በታች ወርዷል፤ አውሮፕላኑ ሊወድቅ ነው ማለት ነው። ሁልጊዜ የማሳርፈው እንዲህ ነበር፤ ዝምታው ሸፍኖልኝ ነው።»

«ታዲያ ጩኸቱን ብቻ እንቁረጠዋ!»

«ውቤ!»

«እሺ፣ እሺ። ግን አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል።»

«ቅረጽ።»

እንደገና ተነሣች። በዚህኛው በረራ ዓይኗ ብቻ ሳይሆን ጆሮዋም ሠራ፤ የሞተሩ ድምፅ በሳሳ ቁጥር እጇ ኃይል ጨመረ። አውሮፕላኑ ፍጥነቱን እንደ ጠበቀ ወረደ። ጩኸቱ አልተሰማም። ጎማዎቹ ግን መሬቱን ጠንከር አድርገው መቱና አውሮፕላኑን አንድ ጊዜ አነጠሩት፤ ከዚያ ረጋ።

«የቅድሙ ያምር ነበር» አለ ውቤ ፊቱን ቋጥሮ። «ይሄ አንገጫገጨን።»

«አንገጫግጮ አሳረፈን» አለችው።

ስልኩን ተቀብላ ኔትወርክ ወደሚሻልበት ዳገት ወጣች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ንጥረቱን ሳትቆርጥ፣ ቪዲዮውን እንዳለ ላከችው።