የጎደለችው ቀይ ስፒል

ገርሊንደ ቦርነር ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስትለይ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። እጇ ግን አርፎ መቀመጥ መቼ ያውቃል! የጀርመኗን የቱሪንገን ግዛት መንደሮች ሁሉ ካርድ ላይ ጽፋ፣ በስማቸው መጨረሻ ለይታ፣ ሃያ ሰባት የጫማ ካርቶን ውስጥ አጭቃቸዋለች። «ሮደ» ብለው የሚያልቁት ጫካ ተመንጥሮ የተቆረቆሩ ናቸው፤ ኮረብታው ላይ ይገኛሉ። «ሌበን» ብለው የሚያልቁት ግን የጥንቶቹ ናቸው፤ ጥቁሩን አፈር ቀድመው ይዘዋል፣ ከወንዝም አይርቁም። ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ለሮደዎቹ አረንጓዴ፣ ለሌበኖቹ ቀይ ስፒል ሰክታለች።

ካርቶኖቹም ካርታውም ያሉት በመንደሩ ሙዚየም የኋላ ክፍል ነው። ይህን ክፍል ደግሞ የሙዚየሙ ማኅበር ሊቀ መንበር ክናውት ለአሻንጉሊት ባቡሩ ቋምጦለታል።

«አንቺ ሴትዮ፣ የመንደር ስም ጅራት እየሰበሰብሽ ቦታ አጣበብሽብን እኮ!» አላት እዚያው ክፍል በተደረገ ስብሰባ ፊት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ገርሊንደ ተነሥታ ካርታው ላይ ጣቷን አሳረፈች። «በወንዙ ዳር ቀዮቹ በየአንድ ሰዓት መንገድ ተሰልፈዋል። እዚህ ጋ ብቻ ክፍት ነው። እዚያው አካባቢ ቪግማርስሌበን የሚባል ማሳ አለ። ቤት የለ፣ ሰው የለ፣ ስም ብቻ። መንደር ነበረ እላችኋለሁ!»

«ድንች ነው ያለው!» አለ ክናውት። «አካባቢው ሁሉ ጠጠር ሊወጣበት ነው፤ ማሽኖቹ ከመግባታቸው በፊት የቅርስ ሰዎች ሐሙስና ዓርብ እስከ ቀትር ይቆፍሩታል። መንደር ከወጣ ክፍሉ ዕድሜ ልክሽን ያንቺ ይሁን። ካልወጣ ካርቶኖችሽን ቅዳሜ አሮጌ ወረቀት የሚሰበስበው መኪና ይውሰዳቸው።»

«እሺ!» አለች።

ሐሙስ ዕለት ሪከ የምትባል ወጣት የቅርስ ባለሙያ ኤክስካቫተር ይዛ መጣች። ካርታው ቪግማርስሌበን የሚለው ሰፊ ማሳ ላይ ሦስት ረጃጅም ቦይ አስቆፈረች። አፈር። አሁንም አፈር። ክናውት በብስክሌት እየተመላለሰ «ከንቲባውን አገኛችሁት?» እያለ ያላግጣል። ጭራሽ የባቡር ሐዲዱን ወደ ክፍሉ ማጓጓዝ ጀምሯል፣ ጉደኛ!

አሥር ሰዓት ላይ ሪከ አንገቷን ደፍታ «ወይዘሮ ቦርነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ምንም የለም» አለች።

ገርሊንደ አለቀሰች፤ ምን ይደበቃል። ዕንባዋን ስትጠርግ ዓይኗ ወንዙን ፈለገ። ወዲያ ማዶ ሩቅ ነው። ሌበን መቼ ከውሃ እንዲህ ርቆ ያውቃል? እንዴት እስካሁን አላየሁትም ብላ በራሷ ተናደደች። በቀጥታ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላው ገበሬ ኤቫልት ቤት ሄደች።

«ኤቫልት፣ ልጅ ሆነህ ቪግማርስሌበን የምትሉት የቱን ነበር?»

ሽማግሌው ቋሊማውን እያኘከ ሳቀ። «ዛሬ የቆፈሩትን እንዳትዪኝ! እሱማ የኛ ረጅሙ መሬት ነው። በሶሻሊስቶቹ የኅብረት እርሻ ጊዜ ሠላሳውን ማሳ አንድ ሲያደርጉት፣ ቀያሹ ከሠላሳው ስም አንዱን አንሥቶ መሃል ላይ ጻፈው። ቪግማርስሌበን እታች ወንዙ ዳር ነው፣ አኻያ ዛፎቹ ጋ። ማረሻው ድንጋይ እየመታ አባቴን ያሳብደው ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ትላለህ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ዓርብ ማለዳ ገርሊንደ ወንዙ ዳር ስትወስዳት ሪከ አኻያዎቹን አየች፣ ካርታዋን አየች። «እዚህ ላይ የለም እኮ» አለች።

«ኤቫልት ያውቀዋል፣ ካርዶቼም ያውቁታል። ቆፍሪ!»

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የኤክስካቫተሩ ጥርስ ድንጋይ ነካ። ክብ ሆኖ የተደረደረ ድንጋይ፤ የውሃ ጉድጓድ! ከጎኑ የከሰለ ወለል፣ የሸክላ ገል፣ ምድጃ፣ ከዚያ ሌላ ምድጃ፣ ከዚያም ሌላ።

«መንደር ነው!» ብላ ጮኸች ሪከ ከቦዩ ውስጥ። «ወይዘሮ ቦርነር፣ ሙሉ መንደር ነው!»

ገርሊንደ ዕድሜዋን ረስታ ጭቃው ውስጥ ዘላ ገባች። ተቃቅፈው እስኪደክማቸው ጮኹ። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ቅዳሜ የወረቀት መኪናው በሙዚየሙ በር ሳይቆም አለፈ። ክናውት ላቡን እያንጠፈጠፈ ሐዲዱን ተሸክሞ ሲወጣ፣ ገርሊንደ ቀይ ስፒል ዘረጋችለት።

«አንተው ስካው።»

«የት ጋ?»

«ክፍቱ ጋ ነዋ!»

ሰካው። ወደ ካርቶኖቹ ዞረ። «ስሚ... የአያቴ መንደር የትኛው ካርቶን ውስጥ ነው?»

«ሐዲድህን አስቀምጥ» አለች፤ «ወንበር ሳብና ና ቁጭ በል።»